የዓርብ መስመር

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ኔት የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ራውተሩን ነቅሎ ይሰካል፤ ቀጥሎ ይሰድበዋል፤ ሁለቱም አልሠራ ሲለው ናዲርን ይጠራል። ናዲር አብደልሙንዒም ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። አባቱ የካርቱም ሰው ነበሩ፤ እናቱ የሻሽወርቅ ከጎንደር ወጥታ ዕድሜዋን ዴም የጨረሰች ሴት ነበረች። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ከአባቱ ስሙንና የዜግነት ወረቀቱን ወረሰ፤ ከእናቱ ደግሞ አማርኛውንና የሰው ዕንባ ሲያይ መግቢያ የሚጠፋውን ሆዱን። አማርኛው ዐረብኛ ጣል ጣል ያለበት ነው፤ ሲደነግጥ ደግሞ አማርኛው ጥሎት ይሄድና ዐረብኛው ብቻውን ይቀራል።

ሥራው ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነው። ሰው ቤት ገብቶ አንድ ሜትር ሽቦ እንኳ አስቀርቶ አያውቅም። የደንበኛ ኮምፒውተር ሲከፍት ፎቶ አያይም፤ ደብዳቤ አያነብም። በዚህ የተነሳ ራሱን እንደ ታማኝ ሰው ይቆጥር ነበር። እኔም አልፈርድበትም፤ አብዛኞቻችን ራሳችንን የምንለካው ባልሠራነው ጥፋት ነው። እሱም እንደዚያው ሲለካ ኖረ።

ለዚህ እንጀራ ያበቁት ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ናቸው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ዴም ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራይተው የሐበሻ ወረቀት ያስጨርሳሉ። የኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማመልከቻ ይሞላሉ፣ ያስተረጉማሉ፣ ፓስፖርት ኮፒ ያደርጋሉ፣ የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጣሉ። ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ናዲርን ከሕፃንነቱ ያውቁታል፤ እሱም "ኻልቲ" ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደ ማለት። ሥራ ሲጀምር "የየሹ ልጅ ነው፣ ለእሱ እኔ አለሁ!" ብለው አፋቸውን ሞልተው ስለተናገሩለት ነው በረድፉ ያሉት አሥራ አንድ ቢሮዎች ቁልፋቸውን አምነው የሚሰጡት። ያቺን ቃል ካነሷት በማግስቱ ሥራ ፈት ነው፤ ይህን እሱም አሳምሮ ያውቃል።

በቢሯቸው በር አጠገብ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ ዚር የሚሉት ሁለት የሸክላ የውኃ ጋን በብረት መቆሚያ ላይ ተቀምጧል። ረክሻ የሚባለው ባጃጅ ነጂውም፣ ቀን ሠራተኛውም፣ ከገበያ የሚመለሰውም ማንንም ሳያስፈቅድ ቀድቶ ጠጥቶ ይሄዳል። ዚሮቹን በየማለዳው የምትሞላው ብርሃን ናት። ብርሃን የቢሮው ፈራሻ ናት፤ ትጠርጋለች፣ ትወለውላለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትከፍታለች፣ ከሁሉ ኋላ ትዘጋለች። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ካርቱም ስትገባ ያረፈችው የሻሽወርቅ ቤት ነው። የሻሽወርቅ የመጨረሻውን ሕመም ስትታመም አንስታ ያስቀመጠቻት፣ ወንድ ልጅ ለእናቱ ሊያደርግ የማይችለውን ሁሉ ያደረገችላት እሷ ናት። ናዲርን "ናዱ" ትለዋለች። እሱም "ብርዬ" ይላታል።

ነገሩ የተጀመረው ናዲር ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራውተሩን በተከለበት ቀን ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ዓርብ ቢሮው ዝግ ስለሆነ ለእሱ ሥራ ይመቻል። ጨርሶ በኋላው በር ሲወጣ ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ስልኳን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች። ዮርዳኖስ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ቪላ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የራሷ የምትለው ጊዜ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው። የስድስት ዓመት ልጇ አገር ቤት፣ አይከል ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ነው ያለው። እህቷ ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ልጁን ስልክ ፊት ታስቀምጠዋለች፤ ልጁም ሳምንቱን ሙሉ የሆነውን ሁሉ ይነግራታል። ያን ቀን ግን ገና "እማ" እንዳለ የስልኳ ኔት አልቆ ተቆረጠ።

ናዲር ምንም ሳይላት ተመልሶ ገባ። ራውተሩን ከፍቶ፣ ከቢሮው መስመር ጎን አንድ የእንግዳ መስመር ሠራ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ተጠንቅቆ ነው የሠራው። መስመሩ ኢንተርኔት ብቻ እንዲሰጥ፣ ወደ ቢሮው ኮምፒውተርና ወደ ፓስፖርቶቹ ኮፒ ግን ምንም መንገድ እንዳይኖረው አደረገ። ፍጥነቱን ቀነሰ። ዓርብ ከሰዓት ብቻ እንዲከፈት አዘዘው፤ ስሙንም ከሰው ዐይን ደበቀው። ከዚያ ወጥቶ ስልኳን ተቀበላትና የይለፍ ቃሉን በገዛ ጣቱ አስገባላት።

"ለማንም እንዳትነግሪ" አላት። "ለኻልቲ ጸሐይወርቅ ነገ እኔው እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻላህ።"

በማግስቱ ወይዘሮ ጸሐይወርቅን መብራት ጠፍቶባቸው ሲጮኹ አገኛቸውና ለሌላ ቀን አለው። በሳምንቱ ቢሮው በሰው ተጨናንቆ ነበር። በወሩ ደግሞ "እስከዛሬ የት ነበርክ?" ቢሉኝ ምን እላለሁ ብሎ ፈራ። እንዲህ እያለ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ዮርዳኖስ በሰልፍ ምክንያት ድልድዩ በኮንቴይነር ካልተዘጋባት በቀር አንድም ዓርብ ቀርታ አታውቅም። መጥታ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፣ ልጇን ታያለች፣ ከዚሩ ውኃ ጠጥታ ትሄዳለች።

ዘንድሮ በጋው ሲከር የቢሮው ኔት መንቀርፈፍ ጀመረ። ሩባ የምትባለው ጸሐፊ አንድ ማመልከቻ ለመላክ ሦስት ጊዜ እየሞከረች ትበሳጫለች። በዚያው ሰሞን ሌላ ሰፈር ካለ አንድ ቢሮ የሰው ፓስፖርት ኮፒ ወጥቶ ደላላ እጅ ገባ የሚል ወሬ ተናፈሰ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ሁለቱን ነገር አገናኙና እንቅልፍ አጡ። ናዲርን ዓርብ ቀን ጠሩት።

"ሌባ ገብቶብኛል" አሉት፣ ገና ከበሩ ሳያልፍ። "ይሄ የምታየው መሳቢያ የሰው ነፍስ ነው። አንዱ ፓስፖርት ከዚህ ቢወጣ እኔ የት እገባለሁ? ዛሬ አንድ ቀዳዳ ሳታስቀር ቆልፍልኝ።"

"ሐድር፣ እሺ ኻልቲ። ዛሬ ኸላስ፣ ሁሉንም እንጨርሳለን።"

ብርሃንም በሩን ልትከፍትላቸው መጥታ መስኮት ትወለውላለች። ናዲር በሆዱ ሰዓቱን አስልቷል። ከዐሥር ሰዓት በፊት ሥራውን ይጨርስና የእንግዳውን መስመር ሰው ሳያይ ያጠፋዋል፤ ለዮርዳኖስ ደግሞ ሌላ መላ ይፈልግላታል። ራውተሩ ገጽ ውስጥ ገባ። የውስጥ ፕሮግራሙን አደሰው። የቢሮውን የይለፍ ቃል ቀየረ። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማዘዝ የሚቻልበትን መንገድ ዘጋ፤ የራውተሩን አንድ ቁልፍ ብቻ ተጭኖ ያለ ይለፍ ቃል የሚገባበትንም ዘጋ። መስመሩ ለምን እንደተንቀረፈፈ ሲፈልግ ግን ያገኘው ነገር ፊቱን አጠቆረው። በረድፉ ያሉት ራውተሮች ሁሉ ባንድ ቻናል ላይ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እኩል እየጮኸ ማንም ማንንም መስማት ሲያቅተው እንደማለት ነው። አሥራ ሁለቱንም የተከላቸው ናዲር ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ከካርቶን ሲወጡ በነበሩበት ቻናል ትቷቸው ሄዷል። ሌባ አልነበረም። ጥፋቱ የራሱ ነበር።

ይህን ሊያስተካክል ሲል “ከህረባ” የሚሉት መብራት ሄደ። ራውተሩ ትንሽ ባትሪ አለው፤ የናዲር ላፕቶፕ ግን ያረጀ ነውና ወዲያው ጠፋ። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራቱ መጣ። ናዲር እየተጣደፈ ላፕቶፑን ከፈተና ቻናሉን ቀየረው። ራውተሩ ጠፍቶ በራ፤ ከእሱ ጋር የሚገናኙት ዕቃዎችም አንድ በአንድ ተመልሰው ዝርዝሩ ላይ መውጣት ጀመሩ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻው በላይ ያነባሉ።

"ይሄ ማተሚያው ነው። ይሄ የሩባ ኮምፒውተር። ይሄ የኔ ስልክ..." እያሉ በጣታቸው ሲቆጥሩ አንድ አዲስ ስም ብቅ አለ። ጀሚላ ይላል።

"ጀሚላ ማናት?" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። "ያቺ ጀሚላ? ሊቢያ የሄደችው? ከሄደች ሁለት ዓመቷ አይደለም እንዴ!"

ናዲር ወዲያው አወቀው። በእንግዳው መስመር ላይ ሊኖር የሚችለው አንድ ስልክ ብቻ ነው። ከካርቱም ወደ በረሃ የሚወጣ ሰው ስልኩን ይዞ አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይቀማል። ስለዚህ ለቀሪ ሰው ትቶት ይሄዳል፤ ቀሪውም የስልኩን ስም መቀየር ትዝ አይለውም። ዴም ውስጥ በሄደ ሰው ስም የሚጠሩ ስንት ስልኮች አሉ። የዮርዳኖስም የጀሚላ የነበረ ነው።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን ዞረው ያዩት ብርሃንን ነው። "ጀሚላ ካንቺ ጋር አንድ ክፍል አልነበረችም?"

"ነበረች እትዬ።"

"ስልኳስ የት ነው?"

"ስትሄድ ለሰው ሰጥታ ነው የሄደችው።"

"ለማን?"

ብርሃን መወልወሏን አቆመች። ናዲርን ቀና ብላ አየችው።

"ፓስዎርዱንስ ማን ሰጠው ለዚያ ሰው? የቢሮው ቁልፍ ያለው ካንቺ በቀር ማነው? እኔ የሰው ፓስፖርት እዚህ ቆልፌ እተኛለሁ፣ አንቺ ቤቴን ከውስጥ ትከፍቻለሽ?"

"እኔ ለማንም አልሰጠሁም። ዐይኔን ግንባር ያድርገው።" ብርሃን እንደገና ናዲርን አየችው።

"ናዲር፣ አንተ ተናገር" አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። "አንድ ስልክ ፓስዎርድ ሳይሰጠው በራሱ ጊዜ ሊገባ ይችላል?"

መልሱ አጭር ነበር። እኔ ነኝ፣ ማለት ነበር። አራት ፊደል ብቻ ነው። ናዲር አሥራ አንዱን ቢሮዎች አሰበ፤ ቁልፎቹን አሰበ፤ የወይዘሮ ጸሐይወርቅን ጩኸት በረድፉ ሁሉ ሲሰማ ታየው።

"አይችልም" አለ። "ሰው ሰጥቶት ነው።"

እውነቱን ነው፤ ሰው ሰጥቶታል። እንደዚህ ያለ እውነት ግን ከውሸት ይከፋል፤ የሚናገረውን ሰው እንኳ አይቆረቁረውም፣ ለጊዜው።

"ዝጋው!" አሉ።

ናዲር መስመሩን ዘጋው። በኋላው በር በኩል "አሎ? አሎ?" የሚል ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ፤ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ እየጮኹ ስለነበር አልሰሙትም። ብርሃን ለሦስተኛ ጊዜ ናዲርን አየችው። ከዚያ ጨርቋን ባልዲው ጠርዝ ላይ አሰጣች፣ ከመቀነቷ የቢሮውን ቁልፍ ፈታች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በሩን እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት ኔቱ በረረ። የበረረው በቻናሉ ለውጥ ነው፤ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን በረድፉ እየዞሩ "ሌባይቱ ስትወጣ ኔቱን አያችሁት አይደል? የየሹ ልጅ ባይኖር ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር!" እያሉ አወሩ። ለናዲር ሥራ ጎረፈለት። ሌሎቹም ቢሮዎች ዝርዝራቸውን እንዲያጣራላቸው ይጠሩት ጀመር። እሱም ገብቶ ቻናላቸውን እየቀየረ ይወጣል፤ እነሱም "የተባረክ!" ይሉታል። ማታ ሲተኛ የምትታየው ብርሃን አይደለችም፤ ቁልፉ ነው የሚታየው፣ ጠረጴዛው ላይ።

ሁለት ዓርብ ያንን መንገድ ሸሸ። በሦስተኛው ዓርብ ግን እግሩ ወሰደው። ዮርዳኖስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን እያጠፋች እያበራች ነው።

"ናዲር! ተመስገን መጣህ!" ብላ ተነሳች። "ይሄ ስልክ አርጅቷል መሰለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እምቢ አለኝ። ልጄ ‘እማ ተቆጥታኛለች’ ብሎ አልቅሶ እህቴ በመልእክት ነገረችኝ።"

"ሌላ ሰው ጠይቀሽ ነበር?" አላት፤ ዐይኑን ከእሷ አሽሽቶ።

"ብርሃንን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኋት። ‘ስልክሽ ደኅና ነው። ናዱ ሲናገር ይስተካከላል’ አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?"

ናዲር ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል። ብርሃን ታውቃለች። ከመጀመሪያውም ታውቅ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ወጥቶ ወደ ጀሪፍ ሰፈር የሚሄድ ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ውስጥ ዘለለ።

ብርሃን ጀሪፍ ውስጥ ቤት ለቤት ልብስ እያጠበች እንደሆነ ሰምቷል። ዴም ውስጥ ፈልጋ ሥራ አላገኘችም፤ የሰው ፓስፖርት አሳልፋ ሰጠች የተባለች ሴት ማን ቤቱ ያስገባታል? ከወንዙ አጠገብ ያለ አንድ ግቢ ውስጥ ገበቴ ላይ ጎንበስ ብላ አገኛት። በሳሙና ብዛት ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

"ብርዬ" አላት።

"እንደምን ነህ ናዱ" አለችው፤ ቀና አላለችም።

"ዮርዳኖስ ነገረችኝ። ታውቂ ነበር እንዴ?"

"አይቼህ ነበር እኮ።" አንድ ቀሚስ አንስታ ጨመቀች። "የዚያን ዕለት የመወልወያውን ውኃ ልደፋ ስወጣ አጠገቧ ቁጢጥ ብለህ ስልኳን ስትነካካላት አየሁ። የሹ ይህን ብታይ ደስ ይላት ነበር ብዬ ሳልጠራህ ተመለስኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን ‘እሱ ነው’ አላልሽም?"

"አንተ እስክትናገር ነዋ የጠበቅሁት።" አሁን ቀና አለች። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። "ሦስት ጊዜ አየሁህ ናዱ። መጀመሪያ፣ ደንግጦ ነው አልኩ። ሁለተኛ፣ ቃል እየፈለገ ነው አልኩ፤ ስትደነግጥ አማርኛው እንደሚጠፋብህ አውቃለሁ። በሦስተኛው ቁልፉን አስቀመጥኩ።"

"ብትናገሪ ኖሮ..."

"ብናገርና አንተ ‘አይደለሁም’ ብትልስ? ያንን ካንተ አፍ ከምሰማ ልብስ ማጠብ ይሻለኛል ብዬ ነው።"

ናዲር ሊናገር አፉን ከፈተ። አማርኛው ጥሎት ሄዷል። "ማዓሌሽ" አለ፣ ይቅርታ ማለቱ ነው፤ "ማዓሌሽ ብርዬ፣ ወላሂ ማዓሌሽ።"

"ማዓሌሽማ እግሩን የረገጥከውን ሰው ነው የሚሉት" አለችና ወደ ገበቴዋ ጎነበሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮው ገና እንደተከፈተ ናዲር ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ፊት ቆመ። ሩባም ነበረች፤ ሁለት ደንበኞችም ተራ ይጠብቃሉ። ለብቻዎ ላነጋግርዎት ሊል አሰበና ተወው። ብርሃንን ሌባ ያሏት በሹክሹክታ አልነበረም።

"ኻልቲ፣ ለጀሚላ ስልክ መስመሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብርሃን እጇ የለበትም። ስልኩ ዮርዳኖስ የምትባል ሴት እጅ ነው ያለው፤ ዓርብ ዓርብ ልጇን የምታይበት ነው። የቢሮውን ፓስዎርድ አልሰጠኋትም፤ የእንግዳ መስመር ለብቻው ሠርቼላት ነው። በዚያ ቀን ሲጠይቁኝ ፈራሁና እኔ ነኝ ሳልል ቀረሁ።"

ሁሉም ጩኸቱን ጠበቀ። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ኔቱስ?" አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ብርሃን ስትወጣ ነው እኮ የፈጠነው።"

"እሱ በሌላ ነው። እኔ በረድፉ የተከልኳቸው ራውተሮች ሁሉ ባንድ ቻናል ላይ ስለነበሩ ነው። ያም የኔ ጥፋት ነው።"

"ያ የእንግዳ የምትለው፣ የሰዎቼን ፓስፖርት ሊያይ ይችላል?"

"አይችልም። ምንም መንገድ የለውም። ከቢሮው የተለየ ነው። ዓርብ ደግሞ ቢሮው ዝግ ነው፤ ማንንም አይሻማም።"

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ በክፍቱ በር ወደ ውጭ አመለከቱ። አንድ ረክሻ ነጂ ዚሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እየቀዳ ነው።

"ያንን ዚር እዚያ ያስቀመጥኩት ማን እንዲጠጣ ነው?" አሉ። "ሰውየውን አውቀዋለሁ? ስሙን ጠይቄው አውቃለሁ? ያኔ መጥተህ ‘ኻልቲ፣ አንዲት ሴት ልጇን ትይበት’ ብትለኝ እምቢ እል ነበር?"

ናዲር እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ዓመት ከመንፈቅ የፈራው ጩኸት ኖሮም አያውቅም። ለዚያ ለሌለ ጩኸት ብሎ ነው እናቱን ያስታመመችለትን ሴት ለልብስ አጣቢነት የዳረጋት።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ግን ልባቸው አልራራም። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፉለት። "ያንን ማሽን አንተ ብቻ የምትከፍትበትን ፓስዎርድ ጻፍልኝ። እስከዛሬ ጠይቄህ አላውቅም፤ አምኜህ ነበር።" ጻፈ። የእናቱ ስምና የሞተችበት ዓመት ነበር። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ አንብበው ወረቀቱን አጠፉት። "የሹ ብትሰማ..." አሉና አልጨረሱትም። "አሁን ያላ፣ ውጣ። በረድፉ ሁሉ ሌባ ናት ብዬ አውርቻለሁ። እኔ ያወራሁትን አንተ በየበሩ እየገባህ ትመልሰዋለህ።"

ናዲር አሥራ አንዱንም በር አንኳኳ። በየቢሮው ቆሞ ያንኑ ተናገረ፤ ሰባተኛው ቢሮ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቶ ነበርና እየሳቁ ነው የሰሙት። አራቱ "ሰው ነህ፣ ይሁን" አሉት። ሰባቱ ቁልፋቸውን ተቀበሉት። አንዱም ስለ ብርሃን "እንኳን ነፃ ወጣች" አላለም፤ ሁሉም የጠየቀው የራሱን ራውተር ጉዳይ ነው። ለእሱ ከቁልፎቹ ይልቅ ያ ነው ያመመው።

ብርሃንን ለመመለስ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ራሳቸው ረክሻ ተሳፍረው ጀሪፍ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ ናዲር አያውቅም። ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ በሦስተኛው ይዘዋት መጡ ብላ ሩባ ናት የነገረችው። በሚቀጥለው ዓርብ ከቢሮው ለናዲር ተደወለለት፤ "የእንግዳውን መስመር መልሰህ ክፈተውና ለብርሃን አሳያት፤ ከእንግዲህ የምትጠብቀው እሷ ናት" ተባለ።

ሄደ። ብርሃን ከፍታ ጠበቀችው። ቁልፉ መቀነቷ ላይ ነው። ናዲር መስመሩን ሠራው፤ ሁሉንም ነገር እንደ በፊቱ ለየ፣ ቆለፈ፣ ፈተነ። የትኛውን ተጭና እንደምታበራ፣ የትኛውን ተጭና እንደምታጠፋ አሳያት። አንዴ ብቻ አሳያት፤ ገባት። የይለፍ ቃሉን ራሷ መረጠች፣ እሱ እንዳያይም ዞር በልልኝ አለችው። ዞር አለ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን ብርሃን ወደ ኋላው ደረጃ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ የአንድ ልጅ ድምፅ ከስልክ ውስጥ ሲጮህ ተሰማ፤ "እማ! አልተቆጣሽኝም?" ዮርዳኖስ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ናዲር ሽቦዎቹን ሰብስቦ ላፕቶፑን አዘለ። ብርሃን ተመልሳ ስትገባ አንድ ነገር ትለኛለች ብሎ ቆመ። ጠረጴዛውን በጨርቅ አበሰች፤ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ቦታው መለሰች።

"ጨረስክ፣ ባሽሙሀንዲስ?" አለችው። ኢንጂነር እንደ ማለት ነው፤ ለማንም እንግዳ ባለሙያ የምትለውን ነው ያለችው፣ በትሕትና፣ ያለ ቂም።

"ጨርሻለሁ" አለ።

"እንግዲያው ልዝጋ" አለችና ቁልፏን ፈታች።